ስለ ክፍለ ሀገር ዕጩነትና ስለ ሰነድ ዝግጅት በወልቂጤ የተደረገ ምልልስ

ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ሳምንት፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባና ከሌላም ስፍራ የመጣው ሰው ወደየሥራው ሲመለስና የወልቂጤ መናኸሪያ በተጓዥ ሲጨናነቅ፣ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የእንግሊዝኛ መምህርና ከቡታጅራ የመጣች አንዲት ነርስ ከዚህ በታች የተጻፈውን ተነጋገሩ። መምህሩ ቀድሞ በቡታጅራ ሲያስተምሩ ነርሷ ተማሪያቸው ነበረች፤ አሁን ወደ ወልቂጤ ያመጣት ጉዳይ ደግሞ፣ በጉብሬ ከሚገኘው ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቷን ወደ ካናዳ ማስላክ ነው።

ሲስተር፦ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረስዎ፣ ጋሼ።

መምህር፦ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ። አረፍ በይ፤ ቡናው እስኪደርስ ድረስ የመጣሽበትን ንገሪኝ።

ሲስተር፦ የመጣሁበት ነገር ምክር ነው። በቡታጅራ ወደ ካናዳ ለመሄድ ማሰቤን የሰማ ሰው ሁሉ፣ «የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር በር እስኪከፈት ጠብቂ፤ በተከፈተ ዕለት ለደላላ ትከፍያለሽ፣ እርሱ ይሞላልሻል» ይለኛል። እርስዎ ግን ከቀድሞ ተማሪዎችዎ ብዙዎቹ ወደዚያ አገር ሲሄዱ ወረቀታቸውን ያለ አንዳች ዋጋ እየተመለከቱ ምክር እንደ ሰጧቸው ስለ ሰማሁ፣ ለሌላ ሰው ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ወደ እርስዎ መጣሁ።

መምህር፦ «እስኪከፈት ጠብቂ» ያለሽ ሰው የነገሩን ግማሽ፣ ያውም ለዓይን የሚታየውን ግማሽ ብቻ ነው የነገረሽ። በካናዳ ክፍላተ ሀገሩ ለየራሳቸው የሚያስፈልጋቸውን ሠራተኛ መርጠው በዕጩነት ለማዕከላዊው መንግሥት የሚያቀርቡበት፣ ፒኤንፒ እየተባለ የሚጠራ ሥርዓት አለ። ይህንንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. አስቀድማ የጀመረችው ማኒቶባ ናት፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ኬቤክ ግን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተለየ ስምምነት ስላላት በራሷ መንገድ ትሄዳለች። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በዓመት የሚያጨው ሰው ቍጥር ከላይ የተወሰነ፣ የሚያመለክተው ሕዝብ ግን ወሰን የሌለው በመሆኑ፣ በሩን ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ መተው አልተቻለም። ስለዚህም ሳስካችዋን በፈረንጅ 2016ና 2017 የተወሰኑ ማመልከቻዎችን ብቻ ለመቀበል በሩን ትከፍትና፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ባነሰ፣ ሞልቶ ይዘጋ ነበር። ኖቫ ስኮሺያም በዚያው ዘመን እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ አልበርታም እንኳ በፈረንጅ 2024 አጋማሽ፣ ማመልከቻን በጥቂት በጥቂቱ እየተቀበለች ከቆየች በኋላ ነው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ሌላ አሠራር የተሻገረችው።

ሲስተር፦ እንግዲያው እኔስ የምለው ይህንኑ አይደለም? በሰዓት የሚሞላ ነገር ዕጣ ነው እንጂ ምን ሊሆን ይችላል? ዲቪ እንደ መሙላት ነው፤ የቀናው ያገኛል፣ ያልቀናው ለከርሞ ይላል።

መምህር፦ ከዲቪ ጋር ማመሳሰልሽ ነው ሰውን ሁሉ የሚያስተው። ዲቪ በመጀመሪያ ሲጠይቅ የኖረው ስምንና ፎቶግራፍን፣ የቤተ ሰብንም ዝርዝር ነው፤ አብዛኛው ሰነድ የሚፈለገው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው። በዚህኛው ግን ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የቋንቋ ፈተናሽ ውጤት ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የትምህርት ማስረጃሽ በካናዳ መለኪያ ተገምግሞ ምን እንደ ተባለ፣ ስንት ዓመት በምን ሥራ እንደ ሠራሽ፣ ገና በደጁ ሳለሽ ትጠየቂያለሽ። በዚያች አጭር ሰዓት የገቡት ሰዎች ከሌላው ይልቅ ጣታቸው የፈጠነ ወይም ዕድላቸው የሰመረ አልነበሩም፤ ሥራቸውን ካንድ ዓመት በፊት ሠርተው ያስቀመጡ ነበሩ። ደግሞም ሳስካችዋን ከፈረንጅ 2018 አጋማሽ ጀምሮ ያንን የሽሚያ አሠራር ትታ፣ እያንዳንዱ አመልካች ፍላጎቱን አስመዝግቦ ነጥቡ ከፍ ያለው እየተመረጠ የሚጠራበትን ሥርዓት ዘርግታለች። ይህም ሆኖ የጊዜው ጥበት አልቀረም፤ ከበሩ ወደ ጥሪው ተዛወረ እንጂ። ማዕከላዊው መንግሥት ኤክስፕረስ ኤንትሪ በሚለው የአመልካቾች መዝገብ ያለ ሰው የክፍለ ሀገር ዕጩነት ሲያገኝ 600 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ያንን ያህል ነጥብ ያገኘ ሰው መጠራቱ አይቀርም፤ ከተጠራም በኋላ ሙሉ ማመልከቻውን ከነሰነዱ ለማቅረብ የተሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው።

ሲስተር፦ ስልሳ ቀን እኮ ብዙ ነው።

መምህር፦ በማን አገር ብዙ ነው? ነገሩን በእኛ አገር እንቍጠረው። ዋናውን ዲግሪሽን ተቀብለሻል?

ሲስተር፦ ጊዜያዊውን ነው የያዝሁት። የወጪ መጋራቱ ዕዳ ገና አላለቀም፤ ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው።

መምህር፦ እነሆ አንደኛው ማነቆ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራቱን ዕዳ ስለ መክፈሉ ማስረጃ ሳያቀርብ ዋናውን ዲግሪ አይሰጡትም፤ ዲግሪው ካልወጣ ደግሞ የትምህርቱ ግምገማ ሊጠናቀቅ አይችልም። በየወሩ የሚቆረጠውን እየጠበቅሽ ብትቀመጪ ዓመታት ያልፋሉ፤ ቀሪውን ባንድ ጊዜ ለመክፈል ከቻልሽ ግን ከሁሉ አስቀድመሽ ገንዘብሽን የምታውይው በዚህ ላይ ነው፤ በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም ዲግሪሽ ያንቺ ሆኖ ይቀራልና። ከዚህ በኋላ የቋንቋው ፈተና አለ፤ አይልትስን ለመፈተን ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘሽ አዲስ አበባ መግባት አለብሽ፤ ቀን ማስያዝም፣ መዘጋጀትም፣ ምናልባትም ደግሞ መፈተን አለ። በፌደራሉ የባለሙያዎች መንገድ ለመግባት በአራቱም ክፍል 6 ማምጣት ግድ ነው፤ ነገር ግን ለውድድር የሚበቃው ማዳመጥ 8፣ ንባብና ጽሕፈት ንግግርም 7 ሲሆን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ይህንን ቋንቋ ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ የምነግርሽ፣ ከ6 ወደ 7 የሚያሻግረው መንገድ በሳምንት የማይሄዱት መሆኑን ነው። ለጽሕፈት ብቻ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል በየቀኑ ልትጽፊ፣ የጻፍሽውንም የሚያርምልሽ ሰው ልትፈልጊ ያስፈልጋል።

ሲስተር፦ ታዲያ ሁሉንም ነገ ከነገ ወዲያ ሳልል አሁኑኑ አውጥቼ በሣጥን ባስቀምጠውስ?

መምህር፦ እርሱም ሌላው ስሕተት ነው። ወረቀት ሁሉ የየራሱ ዕድሜ አለው። የትምህርት ግምገማው አምስት ዓመት ይኖራል፤ የቋንቋው ውጤት ሁለት ዓመት ይኖርና ያልፋል፤ በኤክስፕረስ ኤንትሪ የተመዘገበው ስም ዓሥራ ሁለት ወር ይቆያል፤ ከፌደራል ፖሊስ በአሻራ የሚወጣው ከወንጀል ነጻ ምስክር ወረቀት ደግሞ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት። እናትሽ ለመስቀል እንዴት እንደሚያሰናዱ አስቢ፤ እንሰቱ ዓመታት አስቀድሞ ይተከላል፣ ቆጮው ወራት አስቀድሞ ይቀበራል፣ ቅቤው በየሳምንቱ ይጠራቀማል፣ ክትፎው ግን በዕለቱ ይከተፋል፤ ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሰው ወይ የሚበላ ያጣል፣ ወይ የተበላሸ ይዞ ይቀርባል። አንቺም ዕድሜው የረዘመውን አስቀድሚ፣ ዕድሜው ያጠረውን አስከትይ፤ የፖሊሱን ምስክር ወረቀት ለማውጣት ጥሪው እስኪመጣ ድረስ መታገሥ ይበልጣል።

ሲስተር፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤውስ? እርሱ በእጄ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይልና ስሜን፣ የሥራ መደቤን፣ ደመወዜን ይናገራል፤ ማኅተምም አለበት።

መምህር፦ ማኅተሙ መልካም ነው፤ ቃሉ ግን አይበቃም። እኛ በጽሕፈት ቤቶቻችን ያደግንበት ልማድ ደብዳቤን ማሳጠር ነው፤ ጉዳዩን የሚመረምረው ባለሥልጣን ግን አንቺንም፣ ሆስፒታሉንም፣ ቡታጅራንም አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ በዋርድ ውስጥ በየዕለቱ የምትሠሪው ሥራ በዝርዝር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ፣ ደመወዝሽና ጥቅማ ጥቅምሽ፣ የጀመርሽበትና ያበቃሽበት ቀን፣ የፈረመውም አለቃ ስምና አድራሻ መጻፍ አለበት። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ዓመተ ምሕረቱን ተጠንቀቂ። ብዙ ጸሓፊዎች ቀኑን ወደ ፈረንጅ ሲመልሱ በጠቅላላው ስምንት ዓመት ይደምሩና ያልፋሉ፤ ነገር ግን ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ድረስ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ኅዳር 2010 የፈረንጅ ኖቬምበር 2017 ነው፤ ይህን 2018 ብሎ የጻፈ ጸሓፊ በአንድ አኃዝ ስሕተት የአንድ ዓመት ልፋትሽን ይሰርዘዋል፤ ከዚያም አልፎ በፓስፖርትሽና በትራንስክሪፕትሽ ካለው ጋር የተጣላ ቀን የሐሰተኛነት መልክ ይሰጥሻል።

ሲስተር፦ ስሜም እኮ ነው፣ ጋሼ። በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል በፓስፖርቴ ካለው ጋር በሁለት ቦታ ይለያያል፤ በሥራ ቦታዬም የአያቴን ስም አይጽፉትም።

መምህር፦ ይህንን ከአሁኑ ማወቅሽ ግማሽ መድኃኒት ነው። ፓስፖርትሽን ዋና አድርጊና፣ ሊታረም የሚችለውን ሁሉ ከእርሱ ጋር አስተካክይ፤ ሊታረም የማይችለውን ደግሞ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን በሚገልጽ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ በጸና ቃለ መሐላ አስደግፊ። በሰላሙ ጊዜ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ በስልሳው ቀን ውስጥ ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ይሆናል። ትዳርም ይዘሻል፣ አይደለም?

ሲስተር፦ በሽማግሌና በቤተ ሰብ ፊት ተጋብተናል፤ በቀበሌ ግን አልተመዘገብንም። ልጃችንም የልደት ምስክር ወረቀት አላወጣችም።

መምህር፦ እንግዲያው ይህ ከቋንቋውም ፈተና ይቀድማል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን ሁሉ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተቋቋመ ስለ ሆነ፣ ጋብቻሽንም የልጅሽንም ልደት አስመዝግቢ። አንዳንዱ «ለብቻዬ ላመልክት፣ ወጪውም ይቀልልኛል፣ ሲሳካልኝ እወስዳቸዋለሁ» ብሎ ሚስቱን ወይም ልጁን ሳይጠቅስ ያልፋል፤ ሕጉ ግን በማመልከቻው ላይ ያልተገለጠን የቤተ ሰብ አባል በኋላ ማስመጣትን ሊከለክል ይችላል። እንደዚህ ያለ ነገር ቤት ሲያፈርስ ስላየሁ፣ እየመከርሁ ሳይሆን እየለመንሁሽ ነው፤ አብረውሽ ቢሄዱም ባይሄዱም፣ ስማቸውን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊ።

ሲስተር፦ እጽፋለሁ። አሁን የቀረኝ የሚያስፈራኝ ነገር ገንዘቡ ነው። ለመቋቋሚያ የሚጠይቁት ምን ያህል ነው?

መምህር፦ በ2025 አጋማሽ በወጣው ሰንጠረዥ ለአንድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር፣ ሦስት ነፍስ ላለው ቤተ ሰብ 23,360 ነበር፤ በየዓመቱም ይሻሻላል። የእኛ መከራ ደግሞ የብሩ ዋጋ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካን ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። በብር ያጠራቀመ ሰው ሥራውን ሳያጓድል፣ ቁጠባውንም ሳያቋርጥ፣ ግቡ በእጥፍ ራቀበት።

ሲስተር፦ እኔና ባለቤቴ ሁለት እቁብ ገብተናል። ከሁለቱም ሲወጣልን ባንክ እናስገባዋለን ብለን ነው ያሰብነው።

መምህር፦ እቁብን እኔ የምነቅፈው ሰው አይደለሁም፤ የጉራጌ ነጋዴ በመርካቶ ቆሞ የሄደው በእቁብ ነው። ነገር ግን መርማሪው የሚያየው የባንክ ደብዳቤ፣ ሒሳቡ መቼ እንደ ተከፈተ፣ ዛሬ ያለው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ያለፉት ስድስት ወራት አማካዩ ስንት እንደ ነበረ፣ ዕዳም እንዳለ የሚናገር ነው። ገንዘቡም የተበደሩት መሆን የለበትም። ታዲያ እቁብን በልቡናሽ መርምሪው፤ በመጀመሪያ ዙር የወጣለት ሰው የያዘው ብር ገና ሊከፍለው ያለ ዕዳ ነው፤ በመጨረሻ ዙር የወጣለት ግን የራሱን ቁጠባ ነው የተቀበለው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ዕጣው ዘግይቶ ቢወጣልሽ ይሻላል፤ ቀድሞ ቢወጣልሽ ግን ቀሪውን ከፍለሽ እስክትጨርሺ ድረስ ያንቺ አድርገሽ አትቍጠሪው። የእቁቡንም ጸሓፊ፣ በየስንት ጊዜ ምን ያህል እንደ ጣልሽና መቼ እንደ ወጣልሽ የሚመሰክር ወረቀት አስጽፊው፤ ገንዘቡም በባንክሽ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ይደር። ድንገት በጥሪው ማግስት የሚገባ ትልቅ ብር ጥያቄ ያስነሣል።

ሲስተር፦ ደላላው ግን «ገንዘቡን እኛ እናሳይልሻለን፣ የልምድ ደብዳቤም እናሠራልሻለን» ነው ያለኝ።

መምህር፦ ከዚያ ሰው ዛሬውኑ ራቂ! ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቦ የተገኘ ሰው በካናዳ ሕግ ለአምስት ዓመት ይታገዳል፤ የሚታገደውም ደላላው ሳይሆን ስሙ በወረቀቱ ላይ ያለው ነው። በዚህ ጉዳይ ዋጋ ተቀብሎ ለማማከርና ለመወከል የተፈቀደለት ጠበቃ፣ የኬቤክ ኖተሪ፣ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው፤ የተመዘገበውንም ሰው ስም በኮሌጁ ዝርዝር ውስጥ ራስሽ ፈልገሽ ልታገኚው ትችያለሽ። ቅጹን ራስሽ ለመሙላት የሚከለክልሽ ነገር የለም፤ የሕሙማንን መዝገብ ሳትሳሳቺ የምትሞዪ ሴት ይህ አያቅትሽም።

ሲስተር፦ አንድ ነገር ግን አልነገሩኝም። ይህን ሁሉ ካሰናዳሁ በኋላ በሩ ባይከፈትስ?

መምህር፦ ላይከፈት ይችላል። የካናዳ መንግሥት ለ2024 በዕጩነት ለሚገቡ 110,000 ያህል ቦታ መድቦ ሳለ፣ ለ2025 ወደ 55,000 አወረደው፤ ክፍላተ ሀገሩም ኮታቸው በግማሽ ተቆረጠ፤ ብዙዎቹም ከውጭ ያለውን አመልካች ትተው በዚያው አገር ውስጥ ያለውን ሠራተኛ አስቀደሙ። ለ2026 ደግሞ ቍጥሩን ወደ 91,500 መልሶ ከፍ አደረገው። ሳስካችዋንም ለምግብ ቤትና ለሆቴል፣ ለከባድ መኪና ማጓጓዣና ለችርቻሮ ንግድ ጣራ አበጅታ፣ ለጤና ባለሙያዎች ግን ቅድሚያ ሰጥታለች፤ ማዕከላዊውም መንግሥት ከ2023 ጀምሮ በኤክስፕረስ ኤንትሪ የጤና ባለሙያዎችን ለይቶ ይጠራል። ሙያሽ በዚህ ዘመን የሚፈለግ ነው። ነገር ግን ዕጩነት ለመኖሪያ ፈቃድ መንገድ ይከፍታል እንጂ የሙያ ፈቃድ አይሰጥም፤ በነርስነት ለመሥራት ማስረጃሽ በዚያ አገር መለኪያ ተገምግሞ፣ ከፈረንጅ 2015 ጀምሮ በአብዛኛው የካናዳ ክፍል የተደነገገውን ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ማለፍ ይኖርብሻል። የዚያን ንባብ እዚያው ቡታጅራ ሳለሽ ጀምሪ፤ ብትሄጂ ይጠቅምሻል፣ ብትቀሪም በዋርድሽ ላይ የተሻልሽ ነርስ ያደርግሻል።

ሲስተር፦ ቡታጅራን ካነሡ ዘንድ የሚከብደኝን ልንገርዎ። የምሠራበት ዋርድ የሰው እጥረት አለበት። ሌሊት ተረኛ ስሆን አንዳንዴ ለብዙ ሕሙማን ሁለት ብቻ ነን፤ እኔ ስወጣ አንድ ይቀራል። ወረቀቱን ስሰበስብ ይህ ነገር ከልቤ አይወጣም።

መምህር፦ መልካም ነው፤ አይውጣ። ይህን የማያስብ ሰው በዚያም አገር መልካም ነርስ አይሆንም። ነገሩን ግን በሌላ ወገን ደግሞ እንየው። ክፍለ ሀገር ዕጩ የሚፈልገው ለምን እንደ ሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? ወደ ካናዳ የሚገባው ሰው ብዙው ወደ ቶሮንቶና ወደ ቫንኩቨር ስለሚጎርፍ፣ ታናናሾቹ ከተሞች ሐኪም፣ ነርስ፣ አናጢ፣ የእርሻ ሠራተኛ ስላጡ ነው። ይህ የእኛው ታሪክ ነው። የቡታጅራና የወልቂጤ ልጅ ተምሮ ሲጨርስ ዓይኑ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲም፣ የወረዳው ጤና ጣቢያም የመጣውን ሰው ለማቆየት ይደክማል። ሳስካችዋን ስታጭሽ በክፍለ ሀገሯ ለመኖር ማሰብሽን ቃል ታስገባሻለች። እንግዲህ ራስሽን ጠይቂ፤ ከዘቢዳር ተራራ በታች፣ ዘመድሽ መካከል፣ ቋንቋሽን በምትሰሚበት ከተማ መኖር ያነሰሽ ሴት፣ ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 በሚወርድበት ሜዳ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ለመቀመጥ ልብሽ ይቀበለዋል? ወይስ ፈቃዱን ይዘሽ በማግስቱ ቶሮንቶ ልትገቢ ነው?

ሲስተር፦ እውነቱን ለመናገር የአጎቴ ልጅ ያለችው ቶሮንቶ ነው፤ ሳስካችዋንን ያሰብሁት በሩ የሚከፈተው እዚያ ነው ስለተባለ ብቻ ነው።

መምህር፦ በሩ በተከፈተበት ሁሉ መግባት አይገባም። ቋሚ ነዋሪ ከሆንሽ በኋላ በአገሪቱ ውስጥ መዘዋወር በሕግ መብትሽ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ላለመኖር አስቦ እኖራለሁ ማለት ሐሰት ነው፤ ከአንቺ በኋላ ለሚያመለክተውም ኢትዮጵያዊ በሩን ያጠብባል። ማኒቶባ በክፍለ ሀገሯ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለውን አመልካች የምታስቀድመው፣ ሰው ወገን ባለበት ስለሚሰነብት ነው። ወይ ስለ ሳስካችዋን ከተሞች፣ ስለ ሳስካቱንና ስለ ሬጃይና አንብበሽ፣ በዚያ ያሉትን ሰዎች ጠይቀሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተማክራችሁ በእውነት ልትኖሩበት ቍረጡ፤ ወይም ሌላ መንገድ ፈልጉ። ይህም ከሰነዶቹ እንደ አንዱ ሊዘጋጅ የሚገባው ነው።

ሲስተር፦ ባለቤቴ ገበሬ የገበሬ ልጅ ስለ ሆነ ሜዳውን ይወደው ይሆናል፤ ቶሮንቶን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ ስደርስ አነጋግረዋለሁ። ግን ጋሼ፣ መሄዱ ራሱ ኃጢአት ይመስልዎታል?

መምህር፦ አይመስለኝም። ወገናችን ከጥንት ጀምሮ ወጥቶ የሚያድር ነው፤ ሲወጣ ግን ጀርባውን አልሰጠም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት፣ በአዲስ አበባ ያሉት የጉራጌ ተወላጆች ከሱቃቸውና ከጉልበታቸው ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ብዙዎቹ ዳግመኛ በዚያ መንገድ ዳር ሊኖሩ አልነበረም። አንቺም የምትሄጂ ከሆነ ሥራሽን አስረክበሽ፣ የሚተካሽን ልጅ ካሁኑ ጀምረሽ እያስተማርሽ ሂጂ፤ ዝግጅቱ ዓመት ከፈጀ፣ ዓመቱ ለእርሷም ይበቃል።

ሲስተር፦ አንዲት ጀማሪ ነርስ አለች፤ በሌሊት ተራ ከእኔ ጋር እንድትመደብ እጠይቃለሁ። አሁን ከመነሣቴ በፊት ስለ ልምድ ደብዳቤው አንድ ነገር ይፍረዱልኝ። በ2014 ዓ.ም. ልጄን ስወልድ ከወሊድ ፈቃዱ በኋላ ያለ ደመወዝ የቆየሁበት ሦስት ወር አለ። አለቃዬ «አይጠቀስ፣ ተያይዞ ይጻፍ» ብሎኛል።

መምህር፦ ይጠቀስ፤ ከሥራ ዘመንሽም ይቀነስ። ሦስት ወር ቢጎድል ያለሽ ልምድ ይበቃል፤ ያ ሦስት ወር ከደመወዝ መዝገብሽ ጋር ሲጣላ ቢገኝ ግን የቀረውንም ዓመት ሁሉ ያጠራጥራል። ረቂቁን እንዲያውም አሁን እንጀምረው፤ ከመሳቢያው ወረቀትና እስክሪብቶ አውጪና በመጀመሪያ የተቀጠርሽበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ንገሪኝ።